አባቴ ቢሾፍቱ የወረደ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የሞተር ብስክሌቱን ዕቃ ፈታትቶ በላምባ ሲያጥብ ዋለ። ሽታው በመስኮት ገብቶ ልብስ የማጥፍበት ክፍል ውስጥ ቆመ። ወዲያው መዳፌን አላበኝ። ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ምንም" አልኳት። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

አባቴ ቢሾፍቱ ውስጥ የጦር አውሮፕላን ቴክኒሻን ነበር። አምስት ዓመት እስኪሞላኝ የኖርነውም እዚያው ነው። ከሥራ ሲመለስ ቱታው ላምባ ላምባ ይሸት ነበር፤ ሽቅብ አንስቶ ሲያቅፈኝ አንገቱ ሥር ፊቴን እቀብር ነበር። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሥራውን ተወና አዳማ ገባን። የውሃ ፓምፕ የሚጠግንበት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ለምን እንደለቀቀ ማንም አልነገረኝም። የማውቀው፣ አባቴ አንድ ብሎን ካጠበቀ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሶ የሚነካ ሰው መሆኑን ነው። ከመተኛቱ በፊት የጋዙን ሲሊንደር ሦስት ጊዜ፣ በሩን ሦስት ጊዜ ያያል። አዲስ አበባ ስንሄድ መኪናው ቢሾፍቱ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። የተኛ ይመስላል፤ ከተማዋን እንዳለፍን ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ይገልጠዋል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ስልኩ ጮኸ። አባቴ አነሳና ለረጅም ጊዜ "እሺ፣ እሺ" ብቻ አለ። ሲዘጋ ፊቱ አመድ መስሏል። እናቴን "ልታየኝ ትፈልጋለች" አላት። ማን እንደሆነች እናቴ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን እየጎነጎነች ነገሩን ነገረችኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አባቴ መርምሮ "ደህና ነው" ብሎ የፈረመለት አውሮፕላን አብራሪውን ይዞ ወጥቶ አልተመለሰም። ተጣርቶ ደመናውና ነፋሱ ነው ያመጣው ተባለ፤ አባቴን የወቀሰ አንድ ሰው አልነበረም። "እሱ ግን አላመነም" አለችኝ። የደወለችው የአብራሪው ሚስት ናት። እናቴ በዚያ ሰሞን ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ስለነበረች አብራው መሄድ አትችልም። ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ "ብቻውን ከሄደ ከመንገድ ይመለሳል። እጁን እንዳትለቂው" አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት ከአባቴ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ሞጆ ስንደርስ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ቆምን፤ አቧራውና የናፍጣው ጭስ በመስኮት ይገባል። "እዚህ ወርደን ሻይ እንጠጣ" አለኝ። "እዚያ ስንደርስ እንጠጣለን አባዬ" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ "ሱቁን የቆለፍኩት አይመስለኝም" አለ። "ሦስት ጊዜ አይተኸዋል። አብሬህ ነበርኩ።" እጁን ያዝኩት። ሴትዮዋ ምን ልትለው ነው? አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችውን እፊቴ ብታወርድበትስ? አባቴ ልጁ እያየችው ቢሰደብ፣ ቢያለቅስ፣ ወዴት ነው የማየው?

ቢሾፍቱ ወረድን። ከተማዋ እንደ አዳማ አትጮህም። የዛፍ ጥላ፣ የፈረስ ኮቴ፣ ከሩቅ የሐይቅ እርጥበት። ጋሪ ያዝን። ነጂው "አካም ጅርቱ?" ብሎ አባቴን በኦሮምኛ ሰላም አለው፤ አባቴም "ነጋ" ብሎ ደህና መሆኑን መለሰለት። መንገዱን ግን ሳይጠይቅ ነበር የሚያሳየው፦ "እዚህ ጋ ወደ ግራ... ከግራሩ በኋላ ቁም።" ቤቱን አንድ ቀን አልረሳውም ነበር ማለት ነው።

ከጋሪው እንደወረድን አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሰፈርተኛው ቀና ብሎም አላየ፤ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ፣ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ያወራሉ። አባቴ ግን መንገዱ መሃል ተተከለ። አውሮፕላኑ ዞሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከዛፎቹ ጀርባ እስኪያርፍ ድረስ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ "አረፈ" አለኝ፣ እኔ የጠየቅሁት ይመስል።

በሩን የከፈተችው ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ቀጭን ሴት ናት። አባቴን አየችው። ወደ እኔ ዞራ "ያቺ ሕፃን ናት?" አለች። ጉንጬን ሳመችኝ። ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ የበረራ ልብስ የለበሰ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ እየገባችበት ይስቃል። አባቴ ለፎቶው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበ። ማንም አልነካውም።

"እንዴት አንድ ቀን እንኳ ብቅ አትልም?" አለችው።

"በምን ፊቴ፣ እትዬ?" ድምፁ የእሱ አልመስል አለኝ። "የፈረምኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ።"

ያኔ የሶፋውን ጠርዝ ጨበጥኩ። መጣ፣ አልኩ በልቤ።

እሷ ግን ነጠላዋን ጫፉን እየጠቀለለች ወደ መሬት አየች። "የጠራሁህ ለሱ አይደለም። ያን ዕለት ጠዋት ተጣልተን ነበር። በማይረባ ነገር፣ ዛሬ እንኳ ላስታውሰው አልችልም። ቁርስ አቅርቤ ሳይቀምስ በሩን አላትሞ ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማስበው ይሄንን ነው። ተናዶ፣ በባዶ ሆዱ፣ ሐሳቡ እኔ ጋ ሆኖ ይሆን ደመናውን ያላየው እላለሁ። መጨረሻ ያነጋገርከው አንተ ነህ። እውነቱን ንገረኝ። ተናዶ ነበር?"

ዋሽ፣ አባዬ፣ እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። "አልተናደደም በላት" እያልኩ። አላየኝም።

"ተናደው ነበር" አላት። "ሲመጡ ሰላምም አላሉኝ።"

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ግን በልተዋል" አለ አባቴ። "ዳቦ ይዤ ነበር፣ ባለቤቴ የጠቀለለችልኝ። 'ቁርስ በልተዋል?' ብዬ ጠየቅኳቸው፤ 'ኩርፊያዬን' አሉኝ። ግማሹን ሰጠኋቸው። ክንፉን ተደግፈው በሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን አራግፈው ሳቁ። 'የሚስትህ ዳቦ ጥሩ ነው፤ የእኔዋ ግን ይበልጣል። ዛሬ ገብቼ ይቅርታ ሳልጠይቅ አልቀምሰውም' አሉኝ። እየሳቁ ነው መሰላሉን የወጡት። ቀበቷቸውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሲስቁ ደረታቸው እጄ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"በልቷል?" አለች፣ ሌላውን ያልሰማች ይመስል።

"በልተዋል፣ እትዬ። ከእጄ።"

ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ አባቴ እግር አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና "ይሄን ሁሉ ዘመን ይዘኸው ተቀመጥክ?" አለችው። አባቴ "እኔ እኮ እንዴት እንደፈረምኩ ብቻ ነው ሳስብ የኖርኩት። ዳቦው ለሰው ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም" አላት። "አንተ ፈርመህ ብታስበርረው ጥፋትህ ምንድን ነው? እኔ እንኳ አንድ ቀን አንተን አላሰብኩም፤ ራሴን ነው የከሰስኩት" አለችው። ሁለቱም እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ወዴት እንደማይ ሳላውቅ ቀረሁ። በመጨረሻ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስቼ ጠጣሁ።

ስንወጣ ቀኑ ገና ነበር። ወደ መናኸሪያ የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ አባቴ ግን ወደ ሐይቁ አፋፍ ወሰደኝና ሳሩ ላይ ተቀመጥን። ከታች ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ረግቷል። ያን ጊዜ የአብራሪውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ ሰማሁ። ከሐይቁ አጠገብ እየኖረ ዋና የማያውቅ ሰው እንደነበር፣ ዝናብ ሲያባርራቸው ክንፍ ሥር ተጠልለው ካርታ ሲጫወቱ እንዴት እንደሚያጭበረብር፣ እኔ የተወለድኩ ቀን ከእናቴ ዘመዶች ቀድሞ ሆስፒታል እንደደረሰ ነገረኝ። አባቴ ያን ያህል ማውራት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ቶሎ ወደ አዳማ ይዤው እንድመለስ ስጨነቅ የዋልኩት ልጅ፣ አሁን ደግሞ እንዳያቆም መስጋት ጀመርኩ። ሲያስለኝ እንኳ አፌን በእጄ አፍኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ አብሮን የቆየው አራት ዓመት ብቻ ነው። በነዚያ ዓመታት ስለ ብዙ ነገር አወራን፤ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ታናሽ ወንድሜ ጥርስ። እንደዚያ ከሰዓት ግን አልሆነም። ያን ዕለት ሐይቁ ዳር ፀሐይዋ ወደ ውሃው ስታዘነብል "ደከመሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። በጣም ርቦኝ ነበር፣ እግሬም ደንዝዟል።

"አልደከመኝም አባዬ" አልኩት። "ከዚያስ?"