ለመጋረጃው የተቆረጠ መስኮት

እናቴ አንድ መጋረጃ ብቻ ነበራት። ልጃገረድ ሳለች ደሴ፣ እናቷ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ የጠለፈችው ነው። ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል፤ በመካከላቸው የአበባ ቅርጫት አለ። አባቴ ወታደር ስለነበር ያ መጋረጃ ከእኛ ጋር ያልዞረው የቆላ ከተማ የለም፤ ሞያሌ፣ ፊልቱ፣ ነገሌ፣ ተመልሶ ሞያሌ። በደረስንበት ካምፕ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ያለበት ሻንጣ ነበር። እናቴ መጀመሪያ የምትናደደውም በእሱ ነበር፤ ልኩ የሆነ መስኮት አግኝቶ አያውቅማ። አንዱ ጋ መስኮቱ ይጠባል፤ የግራዋ ወፍ አንገቷ ታጥፎ ከግድግዳው ጋር ታወራለች። ሌላው ጋ ከደብተር ብዙም የማይበልጥ ቀዳዳ ነው፤ የሚታየው ቅርጫቱ ብቻ ይሆናል። ድንኳን ውስጥ በከረምንበት ጊዜማ መስኮት የሚባል ነገር ስላልነበረ በእኔና በወላጆቼ መኝታ መካከል ሰቀለችው። ወፎቹን ከጀርባቸው፣ ከነክር ቋጠሯቸው እያየሁ እተኛ ነበር። ወፍ የሚባል ነገር ሁሉ ከኋላው ክር የሚንጠለጠልበት ይመስለኝ ነበር።

ምስማር አንመታም። የካምፕ ግድግዳ የመንግሥት ነው፤ ሲለቁ እንደነበረ ማስረከብ ግድ ነው። ስለዚህ መጋረጃው ሁልጊዜ በሲባጎ፣ ካገኘነው ነገር ጋር ይታሰራል። ነፋስ ሲመጣ ወፎቹም ሲባጎውም አብረው ይወድቃሉ።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ነገሌ ቀረን። ወደ ቡሌ ሆራ ከተዛወረ አስተማሪ ላይ አሮጌ የጭቃ ቤት ገዛን። ቁልፉን በተረከብን ዕለት እናቴ ባዶው ክፍል መሃል ቆማ ዙሪያውን አየችና፣

«ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። «ካምፕ እንዳይመስል። መጋረጃዬ ደግሞ ልኩን ያግኝ።»

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ምን እንደምሆን አልወሰንኩም፤ እግሬም አንድ ቦታ አያርፍም። ግጥም መጻፍ የጀመርኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው፤ ያነበብኩት ሁሉ በመንገድ ያገኘሁት ነበር፤ የስኳር መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የመኪና ጀርባ ጽሑፍ። የዚያ ቤት ግድግዳ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ በጋዜጣው ላይ ሌላ ጋዜጣ፣ በዚያ ላይ ሌላ። ልጠህ አንሳ ተባልኩ። አንዱን ስገሽልጥ ከሥሩ ግማሽ ዜና ይወጣል፤ ቀሪውን ፍለጋ ጎኑን እገሽልጣለሁ፤ እዚያ ደግሞ የኳስ ውጤት ይጀምራል።

«አንተ ልጅ» አለችኝ እናቴ ከደጅ፣ «ልትልጥ ነው የገባኸው ወይስ ልታነብ?»

«እያነበብኩ እየላጥኩ ነው።»

«በዚህ አያያዝህ ቤቱ የምንገባው ልጆችህ ሲዳሩ ነው።»

ከዚያ ቀለም መጣ። አባቴን ለበሩ ቀለም ግዛ ብላ ገበያ ላከችው። ጣሳውን ይዞ ሲመለስ ክዳኑን ከፍታ አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ።»

«የምን አረንጓዴ?»

«ቆሻሻ የማያሳይ አረንጓዴ ነዋ።»

«ታዲያ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ለበሩ ሰላምታ ልስጠው?»

አባቴ ጣሳውን እንደገና አየ። እውነትም ያው የካምፑ በር ቀለም ነበር። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ሱቅ ገብቶ ዓይኑ ያረፈው የለመደው ላይ ነው። ሳይከራከር ተመልሶ ሰማያዊ አመጣ።

ለግድግዳው ግን እናቴ ማንንም ገበያ አልላከችም። የነገሌን ቀይ አፈር በወንፊት ነፋች፣ ከኖራ ጋር በበርሜል በጠበጠች፣ ጣቷን ነክራ ጋዜጣው የተነሳለት ግድግዳ ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ሲደርቅ የበሰለ ዘይቱና ውስጡን መሰለ። አባቴ ቀርቦ አሸተተው።

«ይኼን አፈር እኮ ከጫማህ አራግፍ፣ አራግፍ ስትይኝ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። አሁን ግድግዳ ላይ ትቀቢዋለሽ?»

«ያኔ የሰው ነበር» አለችው። «አሁን የራሴ ነው።»

መስኮቱ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የከበደው። አናጺው እዚያው ነገሌ ያደገ ጉጂ ነው፤ እናቴን በአገሩ ልማድ እናት ለማለት «አዮ» ይላታል። ሜትሩን አወጣና ነባሩን መስኮት ሊለካ ሲል መጋረጃውን በክንዱ ላይ ዘረጋችለት።

«እሱን ተወው። ይኼን ለካ።»

«አዮ፣ ይሄ መጋረጃ ነው።»

«አውቃለሁ። የጠለፍኩት እኔ ነኝ።»

«መጋረጃ እኮ በመስኮት ነው የሚለካው።»

«ስትለካው ኖረሃል ታዲያ? እኔ ነኝ ስለካው የኖርኩት። ዘንድሮ መስኮቱ ይለካ።»

ለካ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረገና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። የመስኮቱ ግርጌ ጉልበቱ ጋ ደርሷል።

«አዮ፣ በዚህ በኩል ፍየል ይገባል።»

«ይግባ፤ እንግዳ ነው።»

«ስፋቱ ደግሞ አንዱን ቋሚ እንጨት ያስቆርጠናል።»

አባቴ የጠበቀው ይህችን ነበር። ቋሚ አይነካም አለ። አቧራውን አነሳ፣ ነፋሱን አነሳ፣ ሌባውን አነሳ። እናቴ መጋረጃውን እንደ ሕፃን አጣጥፋ ታቅፋ ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ በየካምፑ የታጠፈችውን ወፍ ስታይ የምትለው ዝም ነው። አባቴም ያውቀዋል መሰል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «አይሆንም» ማለቱን ግን አልተወም።

በዚህ መካከል ጎረቤታችን ገባች፤ በዱብሉቅ በኩል ካለ የቦረና መንደር መጥታ ከተማ የገባች፣ ወተት የምትሸጥ ሴት ናት።

«ናጋ ቡልተኒ፣ ደህና አደራችሁ? ምንድነው፣ ሰው ሞተ?»

«መስኮት ነው» አለች እናቴ፤ ነገሩን ነገረቻት።

ጎረቤታችን የከሰሉን ምልክት አየች፣ አናጺውን አየች፣ አባቴን አየች። ከዚያ ከልቧ ሳቀች።

«እና እሱ ምን አገባው?» አለች በአገጯ ወደ አባቴ እያመለከተች።

«ባለቤቴ እኮ ነው።»

«ባልሽ ነው፤ ባለቤት አይደለም። እኛ አገር ቤት የሚሠራው ሴት ነው። እንጨቱን ሴት ታቆማለች፣ ሣሩን ሴት ታለብሳለች፣ በሩን ሴት ታወጣለች። ሲኬድ ደግሞ ነቅላ ግመል ላይ ትጭናለች። ወንድ ከብቱን ይዞ ይመጣል፣ በሩ የት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ይገባል።»

አናጺው ፈገግ አለ። «ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው» አለ፤ «ሴት አያቴ በሩን ስታዞር ወንድ አያቴ ዞሮ ነበር የሚገባው።»

አባቴ ሳይወድ ሳቀ። «እሺ» አለ፤ «በሩን ብቻ እንዳታዞሩብኝ፣ በስንት ግዳጅ ነው ቀለሙን ያገኘሁት።»

ቋሚው ተቆረጠ፤ ከላይ ወፍራም ግንድ ተጋደመለት። የጭቃው ግድግዳ ተከፍቶ የከሰዓት ፀሐይ እግሬ ድረስ ዘልቃ ስትገባ አንድ ነገር በውስጤ ዘለለ። እዚያው የጋዜጣ ቁራጭ ላይ መጻፍ ጀመርኩ፦

ወፍ ሆይ፣ አንገትሽን አቅኚ፣ ግድግዳው ሸሽቶልሻል፤
በሰው ቤት ታጥፈሽ ኖረሽ፣ በቤትሽ ቤት ሰፍቶልሻል።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናቴ ጨርሳ ሰማችኝ። «ደህና ነው» አለች፤ «አሁን መጥረጊያውን አምጣ።»

የምንገባበት ቀን ሲቃረብ መጋረጃውን አጠበችው። ክሩ ቀለም ይለቃል በሚል ስጋት ዕድሜ ልኩን በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነበር የሚታጠበው። አዲስ ቤት ግን አዲስ ነገር ይፈልጋል አለችና የፈላ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ውኃው ቀላ፣ ደፋችው፤ እንደገና ቀላ፣ ደፋችው። ያ ሁሉ የመንገድ አቧራ ነበር። ገመድ ላይ ስታሰጣው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጨርቁ ነጭ ነው! ተወልጄ እስከዚያች ቀን ድረስ የቅቤ ቀለም ያለው ይመስለኝ ነበር። የወፎቹ ክንፍ ደግሞ ቡናማ አልነበረም፤ ወርቃማ ቢጫ ነው።

«አንተ መች አይተሃቸው ታውቃለህ» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርታ አይቻት አላውቅም።

ምስማሩን ራሷ መታች። አናጺው ልምታልሽ ቢል መዶሻውን አልሰጠችውም። በሕይወቷ በግድግዳ ላይ የመታችው የመጀመሪያ ምስማር ነው፤ መጀመሪያ ጣቷን መታች፣ ቀጥሎ አየሩን፣ ከዚያ ምስማሩን። ሽቦውን ወጠረች፣ መጋረጃውን ሰካች፣ ለቀቀችው።

ወፎቹ በስፋታቸው ልክ ተዘረጉ። ሁለቱም አንገታቸው ቀጥ አለ። ርዝመቱ ግን አልደረሰም። ከግርጌው አራት ጣት ያህል ክፍት ቀረ፤ የፈላው ውኃ አሳጥሮታል።

አናጺው ጥፋተኛ ሳይሆን ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ደበቀ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ጨርቁ አላጠረም» አለ ቀስ ብሎ። «አቧራው ነው የወጣለት። ያረዘመው ሞያሌ ነበር።»

እናቴ አልሳቀችም። መስኮቱ ፊት ያለችው በርጩማ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። ያ ሁሉ ግድግዳ የፈረሰው፣ ቋሚ የተቆረጠው ለዚያ ጨርቅ ነው። የምታለቅስ መስሎኝ ወደ እሷ መሄድም መቅረትም አቃተኝ። አናጺው አጎንብሶ፣ «አዮ፣ ከታች ጣውላ ልሙላበትና ልኩ ይሁን?» አላት።

እናቴ ግን ጎንበስ ብላ በክፍተቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር። ድንገት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ግቢ፣ ግቢ! ወተቱን ግን እዚያ ጥላው ጋ አስቀምጪው!» አለች።

የግቢው በር ገና እየተከፈተ ነው። ከደጅ የጎረቤታችን ድምፅ መጣ፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ተሸፍነሽ በምን አየሽኝ?»

«በኮንጎ ጫማሽ!»

እኛም አጎነበስን። እውነትም በዚያች አራት ጣት ክፍተት የግቢው በርና ደፉ፣ የሚገባውም ሰው እግር ወለል ብሎ ይታያል፤ ከጉልበት በላይ ምንም የለም። ሰማያዊው ኮንጎ ጫማ ቆሞ ቀረ፣ ዞረ፣ ወደ ጥላው ሄደ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በካምፕ የማንም ሰው ዓይን መስኮታችን ውስጥ ይገባ ነበር፤ አሁን እሷ ታያለች፣ እሷን የሚያይ የለም።

«ጣውላውን ልቁረጥ?» አለ አናጺው እንደገና።

«እጅህን እንዳታሳርፍበት! ልኩ ይሄ ነው።»

ፍየሏ የመጣችው በሳምንቱ ነው፤ አንገቷን በመጋረጃው ሥር አስገብታ የጠዋት ዳቦዬን በላችብኝ። እናቴ እንግዳ ነው ያለችውን አላጠፈችም።

አሁን ነገሌ በሄድኩ ቁጥር የግቢውን በር ከመክፈቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አያለሁ። አይጠቅመኝም። ባለፈው አባቴ ከፊቴ ነበር የገባው፤ አንድ እግሩን ደፉን እንዳሻገረ ከዚያ ሰፊ መስኮት ጀርባ ድምፅዋ መጣ፦

«ጫማህን አራግፍ! አንተም፣ ከኋላው ያለኸው!»

አባቴ እግሩን ድንጋይ ላይ እያራገፈ ወደ እኔ ዞረ።

«ዘብ ቆሜ የኖርኩ ሰው ነኝ» አለኝ፤ «እንዲህ ያለ ማማ ግን ሰጥተውኝ አያውቁም።»