አጥሚት ለሎሚ

ባሌ ዳባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ፌርማታው አጠገብ ጎሚስታ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጎማ ሲፈታና ሲነፋ የኖረ፣ ለወሬ ጊዜ የሌለው፣ የተወለደበትን ቀን እንኳ ብትጠይቁት መታወቂያውን አውጥቶ የሚያይ ሰው ነው። የእኔንማ ተዉት። የሎሚን ግን ቀኑን ከነሰዓቱ ያውቃል።

ሎሚ ውሻችን ናት። ቢጫ፣ ጆሮዋ የቆመ፣ መልከ መልካም ውሻ ናት፤ ይህን እንኳ ሳልወድ ነው የምጽፈው። ሁለት ዓመት ሲሞላት ዳባ ከሥራ ገባና «ዋግዬ፣ ሎሚን አንድ ጊዜ ላስወልዳት ነው። ግን በሥርዓቱ ነው» አለኝ። በሥርዓቱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

መጀመሪያ እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰዳት። የእብድ ውሻ ክትባቷን አሳደሰ፣ የትል መድኃኒት አሰጣት፣ ዳሌዋን አስመረመረ፣ አስመዘናት። ሐኪሙ «ዓምና ቢሆን ልጅ ነበረች፤ አሁን ደርሳለች» ብሎታል፤ ይህችን ሳምንት ሙሉ ሲያወራልኝ ከረመ። ቀጥሎ ባል ፍለጋ ወጣ። ሰፈር ውስጥ የሚዞረውን ወንድ ውሻ ሁሉ ንቆ አስኮ ድረስ ሄደና ቀዳማዊ የሚባል ልጅ ያሳደገውን ውሻ መረጠላት። ውሻውንም ዝም ብሎ አልተቀበለም። የክትባት ካርዱን አሳየኝ አለ፣ የውሻውን እናት ካላየሁ አለ። የእኔ አባት እሱን ሲቀበሉት እንዲህ አላጣሩም።

ከዚያ ደግሞ ገና ላልተረገዙት ቡችሎች ቤት ይፈልግ ጀመር። ቡችላ የጠየቀውን ሰው ሁሉ በእረፍቱ ቀን ግቢው ድረስ ሄዶ ያያል። ጎረቤታችንን ወይዘሮ ብዙነሽን፣ ስንት ዓመት አብረን የኖርናቸውን ሴትዮ፣ «እርስዎ ውሻ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ያስራሉ፤ ይቅርታ፣ አልሰጥዎትም» አላቸው። አፈርኩ። ደግሞ ቀናሁ። አዎ፣ በውሻ ቀናሁ፤ ምን ታደርጉኛላችሁ?

ልጃችንን ሌሊሴን ስወልድ ዳባ አልነበረም። ምጥ ሲይዘኝ በታክሲ የወሰደችኝ የወንድሙ ሚስት ናት። እኔ ሳምጥ እሱ ጎማ ሲነፋ መዋሉን ሰዎች ነገሩኝ። በማግስቱ ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ልጅቷን አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌሊሴ አሁን ሃያ ዓመቷ ነው። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሬው አላውቅም፤ እሱም አንስቶት አያውቅም።

ያው ሰውዬ፣ ሎሚ እንዳረገዘች፣ የመውለጃ ሳጥን በእጁ ሠራላት። ተኝታ ቡችሎቹን እንዳትጫናቸው ብሎ ዙሪያውን እንጨት መታበት። የሠርጌን ብርድ ልብስ ሊያነጥፍላት ሲያወጣ ደርሼ ነጠቅሁት። ሎሚ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድማ ጭራዋን እየቆላች አየችኝ። እንዴት እንደጠላኋት!

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ እያማሰልኩ ሳለሁ አጃና ገብስ በፌስታል ይዞ ማድ ቤት ገባ።

«ዋግዬ፣ ይሄን ቆልተሽ አስፈጪልኝ።»

«ለምን?»

«ለአጥሚት። ሎሚ ስትወልድ አራስ አይደለች? ያኔ ከምንሯሯጥ ካሁኑ ይዘጋጅ ብዬ ነው።»

እኔ የአራስነት አጥሚቴን የጠጣሁት ከወይዘሮ ብዙነሽ እጅ ነው። እኚያው ቡችላ የተከለከሉት ሴትዮ ናቸው በፔርሙዝ ሐኪም ቤት ድረስ ያመጡልኝ። ማማሰያውን ወረወርኩት።

«ለእኔ አንድ ሲኒ አጥሚት ይዘህ መጥተህ ታውቃለህ? እኔ ስወልድ የት ነበርክ? ንገረኝ እንጂ! ለውሻ አጥሚት! ለውሻ!»

ዳባ ፌስታሉን እንደያዘ ቆመ። «መጥቼ ነበር» አለ።

«የት?»

«ሐኪም ቤቱ በር ድረስ። ከውስጥ የሴት ጩኸት ሰማሁ፤ አንቺ መሰልሽኝ። መግባት አቃተኝ። ተመልሼ ጎማዬን ልነፋ ሄድኩ። ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር ዋግዬ፣ ሰው መጠየቅም አፈርኩ። አሁን ሁሉን ነገር ቀድሜ የምጠይቀው ደግሞ ከበር እንዳልመለስ ነው።»

በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ያስወጣችው ደግሞ ሎሚ ናት፤ ይሄም አናደደኝ። እንባዬን እንዳያይ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

«እሺ፣ አስፈጭልሃለሁ» አልኩት። «የምትሠራው ግን አንተ ነህ።»

ማክሰኞ ዱቄቱ ደረሰ። ዳባ እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፤ ያም ሆኖ የጥፍሩ ጥቁረት አለቀቀም። ሎሚ ገና ባትወልድም «ካሁኑ ልለማመድ» ብሎ ድስቱን ጣደ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «አማስል እንጂ»፣ «እሳቱን ቀንስ» እያልኩ አዘዝኩት። ዱቄቱን የፈላ ውኃ ላይ ገልብጦ ጓጎለበት። ማር ጨመረ፣ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ የሎሚን ሳህን አነሳ።

«አስቀምጠው» አልኩት። «ሐኪሙ ለእሷ ሥጋና እንቁላል ነው ያዘዘው። ካርዷ ላይ ጽፎልሃል፤ አንብቤዋለሁ። ይሄ የእኔ ነው።»

ሳህኑን መለሰና ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ኩባያ አወጣ፤ ሞላውና በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ሎሚ ደጃፉ ላይ ቆማ ምራቋን እያንጠባጠበች ታየኛለች። አጥሚቱ ጓጉሏል፣ ማሩም አንሶታል። እሷን እያየሁ እስከ ታች ጠጣሁትና ኩባያውን መልሼ ዘረጋሁለት።

«ጨምርልኝ።»