እጁን ያላነሳበት ግማሽ ቀን

ባዩ ለጠብ ሲፈጠር ምንም አልጎደለውም። ክንዱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ትዕግሥቱ አጭር ነው። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ በረዳትነት ሲሠራ ሒሳብ አልከፍልም ያለን ተሳፋሪ በኮቱ አንጠልጥሎ ያወርድ ነበር። በስደት ሱዳን ገዳሪፍ ሳለ በውሃ ወረፋ ተጣልቶ የአንዱን መንጋጋ ሰብሯል። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ገብቶ እዚያው አቅራቢያ ኒውአርክ ካለ መጋዘን ዕቃ ጫኝ ሆኖ ሲቀጠር ደግሞ ሱፐርቫይዘሩን በቡጢ ብሎ በዚያው ዕለት ተባረረ። ጓደኞቹ ይህን እያነሱ ሲስቁ እሱም አብሯቸው ይስቃል። የሌላ ሰው መንጋጋ ሲሰበር ለሰሚው ደስ የሚል ወሬ ነው።

እጅጋየሁ ግን አልሳቀችም። ሚስቱ ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጥፊ ጀምሮ በቡጢ ጨረሰባትና ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወለቁ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ፅጌረዳ ሶፋው ጀርባ ተደብቃ ነበር። ጠቡ በምን እንደተነሳ ባዩ ረስቶታል። እጅጋየሁ በነጋታው ልጇን ይዛ ወጣች፤ ቴሜስካል በሚባለው ሰፈር በአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ተቀጠረች፤ ጠባብ አፓርትመንት ተከራየች፤ ጥርሷንም አስተከለች። ለፖሊስ አልከሰሰችም፣ ለሰው አላወራችም። ዝም ብላ በሩን ዘጋችበት።

ባዩ አዘነ። ሚስቱን የሚመታ ወንድ ሁሉ ያዝናል፤ ችግሩ የሚያዝነው ከመታ በኋላ መሆኑ ነው። የእሱ ሐዘን ግን ሰነበተ። መጠጥ ተወ፤ ዳውንታውን ኦክላንድ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና እያስገባና እያስወጣ ወገቡን አስሮ ሠራ፤ ዓመት ሙሉ ሲጣላ አልታየም። ከዚያ ሽማግሌ ላከ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ተክለጻድቅ ነበሩ። አገር ቤት የወረዳ ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ሳን ሆዜ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ በበጋም ቢሆን ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን የማይለቁ ሰው ናቸው። እጅጋየሁ ሁለት ጊዜ በሻይ ብቻ ሸኘቻቸው። በሦስተኛው ጊዜ ግን ተነፈሰች።

«ጋሼ፣ እርስዎን መመለስ ከበደኝ» አለቻቸው። «የፊታችን ቅዳሜ የሐበሾች ማኅበሩ ለጉብኝት ታሆ ሐይቅ ይሄዳል። እኔም ልጄም እንሄዳለን። እሱም ይምጣ። ጠዋት ከተሳፈርን ጀምሮ እስክንመለስ፣ ማን ቢሰድበው ማን ቢነካው እጁን ካላነሳ፣ ማታ አብሮን ቤት ይገባል። ካነሳ ግን ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ።»

«ዋስ ትፈልጊያለሽ?»

«ያለ ዋስማ እንዴት ይሆናል?»

አቶ ተክለጻድቅ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ። «ዋሱ እኔ ነኝ። እጁን ካነሳ እኔ እንዳነሳሁ ቁጠሪው» አሉ። ለባዩ በስልክ ሲነገረው አለቀሰ። ለአንድ ቀን እጅ መሰብሰብ ምን ያቅታል ብሎም አሰበ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ሞልቶ ተነሳ። ሹፌሩም አስጎብኚውም ዘይኑ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ የአስጎብኚ ድርጅት ተቀጣሪ፣ ማይክራፎን ከያዘ የማይለቅ። «ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ የምናየው ሐይቅ ጥልቀቱ አምስት መቶ ሜትር ይደርሳል። ዋና የማይችል ሰው ካለ እባካችሁ ሒሳቡን አሁን ይክፈል» ይላል። ሰው ይስቃል። ሳክራሜንቶን አልፈው ተራራውን ሲያያዙት ጆሮ ሁሉ ተደፈነ፤ ከጥዱ በላይ ገና ያልቀለጠ በረዶ ታየ።

እጅጋየሁ ከፊት ተቀምጣለች። ባዩ ከኋላ ሆኖ ማጅራቷን ያያል። ከጎኑ ያለው መንገሻ የድሮ ጓደኛው ነው፤ የቀኑን ስምምነት እንደማንኛውም ተሳፋሪ ሰምቷል። በዚህ ከተማ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም።

«ባዩ፣ ዛሬ እኮ ባንተ ላይ የፈለግነውን የምንልበት ቀን ነው» አለ መንገሻ። የባዩን ጆሮ ያዘና ጎተተ። «ይቺ የኒውአርኩ ሱፐርቫይዘር ብድር ናት፣ ብላት።» ትከሻውን መታው። ሰዎች ዞረው አዩ። የባዩ ደም ስር ግንባሩ ላይ ተገተረ። ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠባቸው።

ፅጌረዳ በመተላለፊያው መጥታ ቆመች። «ዳዲ፣ አር ዩ ማድ?»

«አልተናደድኩም የኔ እናት። እጄ በርዶት ነው።»

ልጅቷ ሄዳ ለእናቷ ነገረቻት። እጅጋየሁ ዞር ብላ እጁን የቀበረበትን ቦታ አየችና፣ ፈገግ ልትል ስትል ከንፈሯን ሰበሰበች። ለባዩ ያቺ በቃችው። መንገሻ ሐይቁ አጠገብ እስካለችው ትራኪ ከተማ ድረስ ሲጎነትለው አንድም ቃል አልመለሰም።

የደረሱባት መንደር ሐይቁ ዳር ያለች ትንሽ ናት። ቤቶቹ የእንጨት፣ ጣሪያቸው ለበረዶው ሲባል የሾለ፤ አንድ አይስክሬም ቤት፣ ወደ ውሃው የገባ የጀልባ መቆሚያ፣ ጥዱ ሥር የምሳ ጠረጴዛዎች። ውሃው ከዳር ጥርት ብሎ ከሥሩ ድንጋዩ ይታያል፤ ራቅ ሲል ይጠቁራል። ዘይኑ ሰውን ሰብስቦ እየዞረ አስረዳ፤ ሴቶቹ በሰማያዊው ውሃ ፊት ፎቶ ተነሱ፤ ከቤት የመጣው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ባዩ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ በዳርቻው ሮጠ። እጅጋየሁ በሳህን ምግብ አምጥታ ራሷ ሰጠችው። ሥጋውን መርጣለት ነበር፣ እንደ ድሮው። ባዩ እየበላ ማታ በሩ ሲከፈትለት ምን እንደሚል ማሰብ ጀመረ። 

አቶ ተክለጻድቅ በልተው ሲያበቁ ብቻቸውን የጀልባ መቆሚያው ጫፍ ሄደው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሰዎች ከጀልባ ወረዱ፤ ፀሐይ ያቃጠላቸው፣ ቢራ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጡ የዋሉ። አንደኛው ወፍራም፣ ሁለተኛው ቀይ ጢም ያለው። ወፍራሙ የሽማግሌውን ጋቢ ጫፍ አንስቶ ይህ የአልጋ ልብስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለጢሙ ሳቀና ከዘራውን ነጥቆ ውሃ ውስጥ ወረወረው። አቶ ተክለጻድቅ ዳኛ ነበሩ፤ ተነስተው ቆሙና በአማርኛም በእንግሊዝኛም «ነውር ነው» አሏቸው። ወፍራሙ በደረታቸው ገፋቸው። ሽማግሌው እንጨቱ ላይ በጭንቅላታቸው ወደቁ።

ባዩ ልጁን አውርዶ ሮጠ። ሲደርስ እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ መሐል ገባና ባለ በሌለ ድምፁ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ።

አገር ቤት ቢሆን ይህን የሰማ የሰነዘረውን እጅ ያጥፋል፤ የሚሮጥ ሌባ እንኳ ይቆማል። ባዩም በጠብ ዓለም ሲኖር ቃሉን ሰምቶ ያልቆመበት ቀን አልነበረም። ሐይቁ ዳር ያሉት ሁለት ሰካራሞች ግን ከየት ያውቁታል? ተያዩና ሳቁ። «በሕግ አምላክ!» አለ ደግሞ። ወፍራሙ አፍንጫውን በቡጢ አለው። አጥንቱ ሲሰበር ራሱ ሰማው። ደም በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን አለበሰው። እጁን አላነሳም። ባለጢሙ ሆዱን መታው፤ ታጠፈ፤ ቀና አለ፤ እጆቹ አሁንም ከጀርባው ናቸው። ከዳር የቆመው የማኅበሩ ሰው «ኧረ በስመ አብ» እያለ ይጮሃል፤ ዘይኑ ፖሊስ ለማስጠራት ወደ አይስክሬም ቤቱ ይሮጣል። እጅጋየሁ መቆሚያው መግቢያ ላይ ደርሳ ሁሉንም አየች። ባዩ እንዳየችው አየ። ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው።

ከዚያ ባለጢሙ የወደቁትን አዛውንት በጫማው ጎናቸውን ረገጣቸው። አቶ ተክለጻድቅ አቃሰቱ።

የባዩ እጆች ከጀርባው ወጡ። ወፍራሙን መንጋጋው ላይ አንድ ጊዜ ነው ያለው፤ ሰውየው ውሃ ውስጥ ወደቀና እየተንቦጫረቀ ወደ ዳር ሸሸ። ባለጢሙን በግንባሩ መታው፣ በክርኑ ደገመው፣ ጉሮሮውን ይዞ ከመቆሚያው የብረት ምሰሶ ጋር አላተመው። ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ። ጠቡ እዚህ ላይ አልቋል። ሽማግሌው ተርፈዋል፤ የሚማታ የለም። ባዩ ግን ጎንበስ ብሎ መታው። ሰውየው ጮኸ፤ መታው። የተሰበረው አፍንጫው አይሰማውም፤ ዓመት ሙሉ የታሰረው ክንዱ ሲፈታ ሰውነቱ ሁሉ ሞቀው።

«በሕግ አምላክ!» አለች እጅጋየሁ። «ባዩ! በሕግ አምላክ!»

ሰማት። ድምፁንም ቃሉንም ለይቶ ሰማ። መታው፤ እንደገናም መታው። የሰውየው ጥርስ ጣቶቹን አቆሰላቸው። ተመልሶ የመጣው ዘይኑና መንገሻ ከኋላ ተጠምጥመው እስኪጎትቱት ድረስ አላቆመም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ አይስክሬም የምትሸጠው ሴትዮ ከመጀመሪያው ያየችውን ተናገረች። ሁለቱ ሰካራሞች በካቴና ታሰሩ፤ አንዱ በአምቡላንስ ሄደ። አንዱ ፖሊስ የባዩን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ ሽማግሌውን አድነሃል፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር አለው። የአቶ ተክለጻድቅ ራስ በፋሻ ታሰረ፤ ለሐኪም ቤት እንቢ አሉ።

አውቶቡሱ ሲነሳ እልልታው ቀለጠ። መንገሻ የባዩን ጉልበት ሊስም ዝቅ አለ። «ክቡራትና ክቡራን፣ ታሆ ሐይቅን ለማየት መጥተን አንበሳ አየን!» አለ ዘይኑ በማይክራፎኑ፤ ሰው አጨበጨበ። አቶ ተክለጻድቅ በታሰረ ራሳቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «እጁን ያነሳው ለእኔ ለዋሱ ነው። ይህ በምንም ሕግ አያስጠይቅም። ዋስትናዬ ጸንቷል!» አሉ። ሁሉም እውነት ነው አለ። ባዩ በጨርቅ የታፈነ አፍንጫውን ይዞ አንገቱን ደፋ እንጂ ልቡ ፈንድቆ ነበር። ዛሬ ቤቱ ይገባል። ማን ይከለክለዋል?

ሳክራሜንቶን አልፈው ሰዉ እንቅልፍ ሲጥለው እጅጋየሁ ተነስታ መጣች። መንገሻን አስነስታ ከባዩ ጎን ተቀመጠች። አቶ ተክለጻድቅ ከፊታቸው ባለው ወንበር ላይ ነበሩ፤ ወደ እነሱ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስለተረፉ ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ» አለች።

«ታዲያ ታርቃችኋላ!»

«አልታረቅንም።»

«አንቺ ልጅ፣ ለእኔ ብሎ እኮ ነው! ሲደበደብ ዝም ብሎ ቆሞ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። እርስዎን ሲረግጥዎት እጁን በማንሳቱ ቅር አላለኝም። ያኔ ባያነሳ ነበር የምጠላው።» ከዚያ ወደ ባዩ ዞረች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «ያ ሰውዬ በጉልበቱ ወድቆ እጁን እንዲህ አደረገ።» ሁለት ክንዶቿን አጣምራ ፊቷን ሸፈነች፤ ከክርኗ በላይ ዓይኗ ብቻ ቀረ። «አየኸው?»

ባዩ የቆሰሉ ጣቶቹን አየ።

«እኔም እንዲህ ነበር ያደረግኩት። ያን ቀን ለኔ የሰነዘርካቸውን ቡጢዎች ነው ዛሬ ቆሜ ያየኋቸው። ፊትህንም አየሁት። ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ፊትህ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ባዩ፣ ደስ ብሎህ ነበር።»

ባዩ ተናድጄ ነው፣ ያኔ ሰክሬ ነበር፣ ዛሬ እሱ ነው የጀመረው ሊል ፈለገ። ግን እውነቷን ነበር፤ ደስ ብሎት ነበር።

አቶ ተክለጻድቅ የባዩን ፊት ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ፊት ዞረው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። እጅጋየሁም ተነስታ ልጇ አጠገብ ሄደች።

አውቶቡሱ ኦክላንድ ሲደርስ ቴሜስካል ቀድሞ ቆመ። እጅጋየሁ የተኛችውን ፅጌረዳ አቅፋ ወረደች፤ ባዩ ከወንበሩ አልተነሳም። ዳውንታውን ላይ ሲቆም እሱ ተነሳ። በሁለቱ መሐል የተባለውን ያልሰሙት ተሳፋሪዎች ነቅተው ስሙን ጠሩ፤ የእግረኛ መንገዱን ይዞ እስኪርቅ ድረስ በመስኮት አጨበጨቡለት።