የታጠቡት የጋሽ ክፍሉ ጠርሙሶች

…ክዳኑን ብቻ፣ ይለኛል፣ ጠርሙሱን አታስጠጊው። ከዚያ እኔ ገና ሳላሸት ክዳኑን ከእጄ ይቀማኝና ወደ መስኮቱ ዞሮ ራሱ ያሸታል። ዓይኑን ጨፍኖ። ምን ሸተተህ ልለው ስል

ጠዋት እህቱ ደውላ «ክፍሉ አረፈ» ስትለኝ የመጣልኝ ይሄ ነው። እዚህ ላይ ተቆርጦ የቀረ።

አላመንኩም። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ይህን ስጽፍም አላመንኩም።

ትናንት ከሰዓት የአንድ አሮጌ የሽቶ ጠርሙስ ፎቶ ልኬለት ነበር። «ክዳኑ የሌላ ጠርሙስ ነው፣ እንዳትገዢው» ብሎ መለሰልኝ። መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ። ሰው እንዲህ ብሎ ያድራል እንጂ አይሞትም።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ክፍሉ ጎፋ ላውንደሪ ነበረው። ቀኑን የሰው ጠረን ከኮትና ከቀሚስ ሲያስለቅቅ ይውላል፤ ነፋስ ስልክ ቤቱ ሲገባ ያንኑ ጠረን ያስቀምጣል። አሮጌ የሽቶ ጠርሙስ ይሰበስብ ነበር። ከደንበኞቹ፣ ከቁራሌ፣ ከሚፈርስ ቤት። ሰው ቡፌው ላይ ለጌጥ የሚደረድረውን ባዶ ጠርሙስ እሱ ባዶ አይለውም። ከታች የደረቀች ቡናማ ጠብታ ካለች፣ ለእሱ ሙሉ ነው።

ታሪካቸውን ያውቅ ነበር፤ ወይም ይፈጥር ነበር፣ ለይቼ አላውቅም። ይቺ በጃንሆይ ጊዜ ከፒያሳ የተገዛች። ይቺ ደግሞ ሞስኮ የተማረ ሰው ለእጮኛው ያመጣላት፣ ሲመጣ እጮኛው ሌላ አግብታ የጠበቀችው። ጻፈው እለዋለሁ። ወረቀት ለጥፍበት።

«አፍንጫ የለሽም?» ይለኛል።

አንዲት ቃል ሳይጽፍ ሄደ።

ቤቱ ስደርስ ሳሎኑ ተራቁቷል። ለለቀስተኛ ቦታ ይለቀቅ ተብሎ ሶፋው ወጥቷል፣ ቡፌው ወጥቷል። ጠርሙሶቹ ግቢ ውስጥ አንሶላ ላይ ተደፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ንጹሕ ሆነው። ክዳኖቹ ሁሉ ባንድ ሳፋ።

«ማነው ያጠባቸው?»

«እኛ ነን እህቴ» አለች ከእድሩ ሴቶች አንዷ። እጇ ገና እርጥብ ነው። «የሚመጣው ሰው አቧራ አይቶ ምን ይላል? ውስጡ እኮ ዝልግልግ ብሎ ነበር። በፈላ ውሃ ነው የለቀቀልን።»

«ሽቶ ነበር እኮ።»

«የምን ሽቶ፣ አልቋል።»

«ደግሞ ጠርሙስ ነው» አለች ሌላዋ፣ ቀስ ብላ። «የሞተው ሰው ነው።»

ልክ ናት። ደግ ሴቶች ናቸው፤ ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጡም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። የምቆጣው ሰው የለም።

ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ማሽተት ጀመርኩ። የሎሚ ሳሙና። የሎሚ ሳሙና። በእጄ ፊቴን የሸፈንኩ የመሰላቸው አንዲት እናት ትከሻዬን ይዘው «በቃ፣ በቃ ልጄ» አሉኝ።

የእናቴን እየፈለግሁ ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ ሽቶዋን ለጋሽ ክፍሉ አደራ ሰጥቼው ነበር። ከታች ትንሽ ቀርታለች። «አንቺ ዘንድ በየሳምንቱ ስትከፍቻት ተንና ታልቃለች» ብሎ ነው የወሰደብኝ። ያኔ ክዳኑን አሽትቶ ሳቀ።

«ጠርሙሱ ፓሪስ፣ ውስጡ መርካቶ።»

በደርግ ጊዜ የውጭ ዕቃ ሲጠፋ፣ ሴቶቹ ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው እየሄዱ ነጋዴ ዘይትና አልኮል በጥብጦ ይሞላላቸው እንደነበር ያወራልኝ ያን ቀን ነው። አኮረፍኩ።

«ምን ያስኮርፋል? ስታቅፍሽ የሚሸትሽ ይሄው ነበር። ፓሪስ ምንሽ ናት?»

ከዚያ ወዲህ ላሽትታት ባልኩት ቁጥር «ገና ነሽ» ይለኛል። ገና ለምን? አልነገረኝም።

እህቱ እትዬ ዘነቡ ለመግነዣ ነጭ ጨርቅ ልታወጣ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት፣ የሱፍ ካልሲ ውስጥ አንዲት ጠርሙስ አገኘች። ብርሃን እንዳይነካት ደብቋት ኖሯል። አመጣችልኝ።

«የእናትሽ አይደለችም? እሷን ካጠቡብኝ ሞቼም እንኳ እነሳለሁ ይል ነበር።»

ያዝኳት። ውስጧ የቀረችው ከጥፍር አትበልጥም።

ገና ሳልከፍታት ከመኝታ ቤቱ፣ ከሚገንዙት አንዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ሽቶ አምጡልን» አለ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሳፋውን አዩ። ያ ሁሉ ጠርሙስ፣ በግቢው ሞልቶ፣ አንዲት ጠብታ የለም።

«ከሱቅ ዲኦዶራንት ላምጣ?» አለ አንድ ጎረቤት፣ ከልቡ።

ጋሽ ክፍሉ፣ ሰማህ? ዲኦዶራንት። ለአንተ። ሳቄ መጣ፤ ሲወጣ ግን ሳቅ አልነበረም።

ተናድጄብሃለሁ። ስላልጻፍክ። «ገና ነሽ» እያልክ ስላቆየኸኝ። ትናንት ስለ ሰው ጠርሙስ ክዳን ከምትነግረኝ ደረቴን አሞኛል ብትለኝ ምን ነበረበት። የቀረችኝ ይቺው ናት፤ ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።

ደህና ሁን፣ ጋሼ። ፓሪስ ፓሪስ አትሸትም፤ እንግዲህ ቻለው።

በበሩ ክፍተት በተዘረጋው እጅ ላይ ጠርሙሷን አስቀመጥኩ።

ክዳኑን ብቻ አስቀረሁ።

በሩ ተዘጋ።