የአቶ ትርፍ ሱሪ

አቶ ትርፍ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ ሹፌሮች ያወጡለት ነው። በጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ከልኩ በላይ የጫነውን ሲያድን ዕድሜውን ስለጨረሰ፣ ገና ከሩቅ የጎማውን አኳኋን አይቶ «ይሄ ትርፍ አለበት» ስለሚል እንዲያ አሉት። እሱ ራሱ ደግሞ ወንበር የሚያስጨንቅ ሰው ነበር። ሹፌሮቹ ይህችን አላለፏትም። «መጀመሪያ እሱ ይመዘን» ይሉ ነበር፣ አይሰማም ብለው። ይሰማ ነበር። የጠርጣራ ሰው ጆሮ ሩቅ ነው።

ጠርጣራ ያደረገው ሥራው ነው። አንዱ ሹፌር የኋላ ጎማውን ከሚዛኑ ጠርዝ ውጭ አቁሞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «መዝነኝ» ይላል። ሌላው ባዶ መኪናውን ሲያስመዝን ውሃ የሞላ በርሜል ጭኖ ይመጣል፣ ሙሉውን ሲያስመዝን በርሜሉን አራግፎ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሲያይ የኖረ ሰው ማንን ይመን? «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ለጨዋታ ይለዋል፣ አቶ ትርፍ ግን ቃል በቃል ነው የያዘው። ዳቦ ሲገዛ በእጁ ይመዝናል፣ ሰላምታ ሲሰጡት «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይላል፣ ስጦታ ሲመጣለት ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ከፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር አስቀምጣ የሰፈሩን ሰው ታለብሳለች። የባሏንም ልብስ የምትሰፋው እሷው ናት፤ በእሱ ልክ የተሠራ ልብስ ከሱቅ አይገኝማ። ሙያዋ እንከን የለውም፣ አፏ ግን ቁጥብ ነው። አቶ ትርፍ በዚህም ሲጠረጥራት ኖሯል። የሚለፈልፍ ሹፌር ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፣ ዝም ብሎ ወረቀቱን የሚያቀብል ነው ትርፍ የሚጭን፤ ይህን ከሥራው ተምሯል።

የሆድ ቀዶ ሕክምና አድርግ ብሎ ሐኪም ከነገረው ቆይቷል። ሆዱ ተቆርጦ ያንሳል፣ ትንሽ በልቶ ይጠግባል፣ ይከሳል። ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ጉልበቱ፣ ሁሉም ይህን እየጠበቀ ነው ተባለ። ሚስቱ ደግሞ «ስትተኛ ትንፋሽህ ይቆማል፣ ነካ ሳደርግህ ነው የሚመለስ» ትለዋለች። እሱ ለሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከረመ። ተኝቶ የሚሆነውን እሱ አላየ፤ ያላየውን ደግሞ አያምንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ሚዛኑ ላይ የነበረው መኪና የለም። ድንጋይ የጫነ መኪና ነበር፤ አፍንጫው ሥር አልፎ ሄዷል። ወጣቱ ባልደረባው ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ አፍረን ነው ያልቀሰቀስንዎት» አለው። ከሰማው ቃል ሁሉ እንደዚህ የቆረጠው የለም። ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረውን በር ገላው አስከፈተው። ያን ዕለት ማታ ለሚስቱ «እሺ፣ ይቆረጥ» አላት። እሷም ቀና ሳትል «ደግ» አለች። አቶ ትርፍ ይቺን «ደግ» ሲያገላብጣት አደረ። ደስ ያላት ሰው ድምፅ አልነበረም፣ የከፋትም አልመሰለችም።

ቀዶ ሕክምናውን የምታደርግለት ሐኪም ቀጭን ናት። ይሄ መጀመሪያውኑ አልጣመውም። ፈገግ እያለች በሥዕል ስታስረዳው ቆየችና ጥያቄ እንዳለው ጠየቀችው።

«የምትቆርጡትን ምን ታደርጉታላችሁ?» አለ።

«ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።»

«እኔ ሳላየው?»

«እርስዎ እኮ ያኔ ተኝተዋል» አለች ሐኪሟ።

እንቅልፍ ላይ እያለ ያለፈውን መኪና አስታወሰና ላብ አጠመቀው። ሚስቱ አጠገቡ ሆና እጇን እጁ ላይ ባታደርግ ኖሮ ተነስቶ ይወጣ ነበር። ለነገሩ እጇን ለምን አደረገች ብሎ ይህንንም ጠርጥሯል።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ነቅቶ አንሶላውን ሲገልጥ ሆዱ ላይ ያገኘው ጥቃቅን ፕላስተሮችን ነው። ከሥራቸው ያሉት ቀዳዳዎች የካፖርት ቁልፍ እንኳ አያሳልፉም። በዚህ በኩል ነው አብዛኛው ሆዴ የወጣው? አለ በልቡ። ነርሷ በካሜራና በቀጭን መሣሪያ እንደሚሠራ፣ ይህም ለቁስሉ መዳን ጥሩ እንደሆነ አስረዳችው። ራሱን ነቀነቀላት። ሹፌርም እንዲህ አሳምሮ ነው የሚያስረዳ።

ቤት ሲገባ ኑሮው በማንኪያ ሆነ። መጀመሪያ ውሃ በጉንጭ፣ ከዚያ ቀጭን ሾርባ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ምግብ የተፈጨ ነገር። ጠንከር ያለ ምግብ ሐኪሟ እስክትፈቅድ ክልክል ነው፤ የተሰፋው ሆድ በደንብ ይዳን ተብሏል። በየቀኑ መራመድም ታዘዘለት። ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ያለምክንያትም እንባ ይተናነቀዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሆድ ይፍጀው እንዳይል፣ ሆዱም እንደ ድሮው የሚፈጅ አልሆነለትም።

ከእግር ጉዞው ሲመለስ ደግሞ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመረ። ከደጅ ሆኖ የስፌት መኪናውን ድምፅ ይሰማል፣ በሩን ሲከፍት ድምፁ ይቆማል። ሚስቱ ጭኗ ላይ ያለውን ጨርቅ ገልብጣ ሌላ ታነሳለች። የማን ልብስ እንደሆነ ቢጠይቃት «የሰው» ትለዋለች። እሷ ገበያ ስትሄድ ጓዳውን በረበረ፣ መሳቢያዋን አየ፣ የክር ቅርጫቷን ገለበጠ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት።

ከሁሉ የባሰው ሱሪው ነው። ሁለት ሱሪ አለው፤ አንዱን ሲለብስ ሌላው ይታጠባል። ሰው ሁሉ «ከሳህ» ይለዋል፤ ሱሪው ግን እንደ ድሮው ወገቡ ላይ ልክክ ይላል። ሸሚዙም ያው፣ ኮቱም ያው። ፊቱ መክሳቱን መስተዋት ነግሮታል፣ ነገር ግን የታመመ ሰው ፊት መቼም ይከሳል። የጎረቤት ምስክርነት ለማጽናናት ነው። የሆስፒታሉ ሚዛን በጣም ቀንሷል ብሎ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግን ከነጫማው ከነኮቱ መዝነውት አሁን በስስ ጋውን መዘኑት። በርሜል አራግፎ የሚመጣው ሹፌር ትዝ አለውና ሳቀ፣ ከአንገት በላይ።

አንድ ጠዋት የሚያምነው ሚዛን ዘንድ ሄደ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በራሱ መኪና ሚዛን ላይ ቆሞ ነበር፤ አሁንም ወጣና ቆመ። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። ወጣቱ ባልደረባ ከመስኮቱ ወጥቶ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ለድንጋይና ለሲሚንቶ ነው እኮ። የሚቆጥረው በሃያ በሃያ ኪሎ መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለው። አቶ ትርፍ ይህን ያውቃል። ከሰው ሁሉ በላይ ያውቃል። ነገር ግን ጥርጣሬ አንዴ ሥር ከሰደደ እውቀትን ያስረሳል። ሱሪው አንድ ምስክር፣ ሚዛኑ ሁለተኛ ምስክር ሆኑለት። ቀደዱኝ፣ መልሰው ሰፉኝ፣ ምንም አልቆረጡም አለ። ያ ሁሉ ሕመም፣ ያ ሁሉ ማንኪያ በከንቱ! ንዴቱ ዓይኑን ጋረደው። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ሐዘን ነበር፤ ሳይታወቀው ተስፋ አድርጎ ኖሯል።

ማረጋገጫው አንድ ነው። ሆዱ በእርግጥ ከተቆረጠ አይችልም፣ ካልተቆረጠ ይችላል። የጣቢያው መመገቢያ ቤት ገብቶ የጥንቱን አዘዘ፤ የተጠበሰ ሥጋ በዳቦ። ባልደረባው ይከለክለዋል ብሎ ፈርቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። የመጀመሪያው ጉርሻ ወረደ። ሁለተኛውም እንደምንም። ሦስተኛው ደረቱ ሥር ቆመ። ከዚያ እንደ ድንጋይ ከበደው፣ ምራቁ አልወርድ አለው፣ ዓይኑ ጨለመ። ጠረጴዛውን ይዞ ሲወድቅ የመጨረሻ ሐሳቡ «ለካ ቆርጠውታል» የሚል ነበር።

ሆስፒታል ያደረሰው በዚያ ሰዓት ሚዛኑ ላይ የነበረው ጭነት መኪና ነው። ሐኪሟ መጥታ አየችው፣ ተመረመረ፣ የተቀረቀረውን ምግብ በቱቦ አወጡለት። ስፌቱ አልተጎዳም። ቢፈታ ኖሮ ግን ልናጣዎት እንችል ነበር አለችው፣ ያን ቀን ፈገግ ሳትል። አቶ ትርፍ ይህን አመነ። የመጀመሪያው ነው።

ነርሷ ልብሱን አጣጥፋ ከራስጌው አስቀመጠችለት። ብቻውን ሲሆን ሱሪውን አንስቶ ጭኑ ላይ ዘረጋው። እጁ ልማድ ሆኖበት ወገቡን ገለበጠ፤ መኪና ሲፈትሽም መጀመሪያ የሚያየው ከሥር ነው። ከውስጥ በኩል ጨርቁ እጥፍጥፍ ብሎ ተሰፍቷል። አንድ መስመር ስፌት፣ ከእሱ ገባ ብሎ ሌላ፣ ከእሱም ገባ ብሎ ሌላ። የክሩን አጣጣል ያውቀዋል። የሚስቱ እጅ ነው። ትርፉ ጨርቅ አልተቆረጠም፣ እንዳለ ውስጡ ተጣጥፏል።

ሚስቱ ስትገባ ሱሪውን እንደገለበጠ ያዘው። ደነገጠች።

«ለምን?» አላት።

ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። ከመጋባታቸው በፊት የሞተ ወንድም እንደነበራት ያውቃል፤ እንዴት እንደሞተ ግን ነግራው አታውቅም፣ እሱም ዝምታዋን ከመጠርጠር አልፎ ጠይቋት አያውቅም። አሁን ነገረችው። ወንድሟን ያስታመመችው እሷ ናት። በየሳምንቱ እየከሳ ሱሪው ይሰፋው ነበር። ቀበቶውን በምስማር እየበሳች አጠበበችለት፣ በመጨረሻ ቀበቶውም አልያዘለት አለ።

«ያንተ ሱሪ ሲሰፋህ ጤና መሆኑን አውቃለሁ» አለች። «ሐኪሟ ነግራኛለች። ግን እንደዚያ ተንጠልጥሎብህ ሳየው ሆዴ ይባባል። እንዳላይህ ብዬ አጠበብኩት፤ ሸሚዙንም ኮቱንም። እንደገና ሲሰፋህ እንደገና አጠበብኩት። አንተን ላታልል ብዬ አይደለም፤ ራሴን ነበር የማታልለው።»

«ትርፉንስ ለምን አልቆረጥሽውም?»

«ከቆረጥኩት የማትመለስ መሰለኝ።»

አቶ ትርፍ ስፌቱን በጣቱ ዳበሰ። አገር ምድሩን ሲጠረጥር ኖሮ እውነት የደበቀችው አንዲት ሴት ብቻ ሆና ተገኘች፣ እሷም ፈርታ። አፈረ። ሊገድለው የነበረው የእሷ መርፌ ሳይሆን የእሱ ልብ እንደነበር ገባው፤ አንድ ቀን «ምን ሆነሻል?» ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር።

«ፍቺው» አላት።

«ምኑን?»

«ስፌቱን። አሁን።»

ልብስ ሰፊ ያለ መቀስ አትንቀሳቀስም። ከቦርሳዋ አውጥታ መስመሮቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። አቶ ትርፍ ቀስ ብሎ ከአልጋው ወረደና ሱሪውን አጠለቀው። ጨርቁ ከወገቡ ርቆ ተዘረጠጠ፤ በእጁ ጨምድዶ ካልያዘው ይወድቃል። እንደዚያው እንደያዘ ፊቷ ቆመ። እሷ መስኮቱን ታያለች።

«ወደዚህ እዪ» አላት። «ከሳሁ እንጂ አልሞትኩም። እዪኝ።»

አየችው። ከእግሩ ጀምራ ሽቅብ፣ እጁን፣ የተንጠለጠለውን ጨርቅ፣ ፊቱን። እንባዋ ወረደ፣ አላበሰችውም።

«አላማረብህም» አለች በመጨረሻ። «አውልቀው፣ በልክህ ላድርገው።»

አውልቆ ሰጣት። አልጋው ላይ ዘርግታ በጣቷ ለካች፣ መቀሱን ከትርፉ ላይ አሳረፈች፣ ግን አልቆረጠችም። አቶ ትርፍ ጎንበስ ብሎ የጨርቁን ጫፍ ወጠር አድርጎ ያዘላት፣ እስክትቆርጠውም አልለቀቀውም።