ጆከሩ ላይ የቀረው ዳጣ

ይህ የሆነው አምና፣ በ1988 ግንቦት ውስጥ፣ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳጣ በፈጨሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አርባ ምንጭ ውስጥ ደግሞ ዳጣ የማይፈጭበት ሳምንት የለም። ስለዚህ አልረሳውም ማለት ነው።

አባዬና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካርታ ይጫወታሉ። ብር የሚባል ነገር የለም። ውርርዳቸው ምግብ ነው፤ በዕለቱ የተሸነፈው የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቤቱ ጠርቶ ያበላል፣ ያጠጣል። እማዬ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስለሆነች ካርታ ማየት አትወድም። ያም ሆኖ እንግዳ እንግዳ ነው ብላ፣ አባዬ በተሸነፈ ቁጥር ታበስል ነበር። ቢራ ግን በራችንን አያልፍም።

ያን ሰሞን የተሸነፈው አባዬ ነበር። ሐሙስ ዕለት የእማዬ አክስት ገረሴ ከተማ ማረፋቸው ተሰማና እማዬ ለለቅሶ ተነሳች። መኪና ልትሳፈር ስትል ጆሮዬን ያዝ አድርጋ፣ "ምህረት፣ ምግቡ ያንቺ፣ ካርታው የእነሱ። ጣትሽ እንዳይነካው!" አለችኝ።

"እሺ እማዬ" አልኩ። የምሬን ነበር።

ለብቻዬ እንግዳ ሳስተናግድ የመጀመሪያዬ ነው። አርብ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ጠዋት ለዳጣው ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ድንጋይ ላይ መፍጨት ጀመርኩ። ትንሽ ፈጭቼ ዓሣ የሚያመጣልን ሰውዬ መጣ ብዬ በር ድረስ እሮጣለሁ። የለም። ተመልሼ እፈጫለሁ። ለስላሳዎቹን ውኃ ባልዲ ውስጥ ነከርኩ፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ውኃው ራሱ ሞቀና ቀየርኩት።

ከዚያ ሳሎን ጠረጴዛ ልጠርግ ገባሁ። ካርታው እዚያው ተቀምጧል።

ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ብቻ አንዱን መዘዝኩ። ቆቡ ላይ ቃጭል የተንጠለጠለበት፣ እግሩን አንስቶ የሚስቅ ሰውዬ ነው። ጆከር የሚሉት እሱ መሆኑ ነው። ሳቁ ሳቄን አመጣው። ወዲያው አባዬ ጓሮ ሲያስል ሰማሁና መሃል ላይ ሸጉጬው ወደ ማድቤት በረርኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ እንግዶቹ መጡ። ጋሽ ታደሰ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ቢሮ የሚሠራው ነው። ጋሽ ሻንካ ጎረቤታችን ነው፤ የገረሴ ሰው፣ ሳቁ መንገድ ድረስ የሚሰማ። ሦስተኛው አባዬ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ የተመደበ መምህር ነው፤ ያን ቀን ከ"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ሌላ ቃል አልወጣውም።

ቆሎና የኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ አቀረብኩ። ወጥ፣ ቅባት፣ ዳጣ ከጨዋታው በኋላ ነው። የአባዬ ሕግ ነው፤ ካርታ በደረቅ እጅ ነው የሚያዘው።

"ምሂዬ፣ ዓሣ ይሸተኛል ልበል?" አለ ጋሽ ሻንካ።

"ይመጣል ጋሼ" አልኩ። ዓሣው ግን ገና ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

አንዴ ወደ በር፣ አንዴ ወደ ምድጃ ስል ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሰውየው መጣና ዓሣውን ተልትዬ ዘይት ውስጥ ስጨምር ነው ከሳሎን ጫጫታ የሰማሁት። አባዬ ሦስተኛ ጊዜ አሸንፏል። ሦስቱንም ጊዜ ጆከሩ እሱ እጅ ገብቷል። ተሸናፊው ጋሽ ታደሰ ነው።

"መምህር፣ ዛሬ ምን በልተህ ነው?" አለው ጋሽ ሻንካ አባዬን።

"ገና መች በላን!" ብሎ አባዬ ሳቀ።

ጋሽ ታደሰ ግን አልሳቀም። ጆከሩን ገልብጦ ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

"ይኼ ካርታ ምልክት አለው።"

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ነጩ ጀርባ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ።

"ቆሻሻ ይሆናላ ታዴ" አለ ጋሽ ሻንካ።

"የምን ቆሻሻ! እኛ ከቆሎና ከሙዝ ሌላ ምን ነካን? ካርታው የማን ነው? ቤቱስ የማን ነው?" ወደ አባዬ ዞረ። "ሰው ማብላት ከከበደህ በአፍህ ብትናገር ምን ነበረበት?"

አባዬ ቆሎ የዘገነ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። አባዬን ሌባ ከሚሉት ይልቅ ስስታም ቢሉት እንደሚብስበት አውቃለሁ። ያን ፊቱን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

እኔ ደግሞ አውራ ጣቴን አሸተትኩ። ነጭ ሽንኩርት።

ወደ ምድጃው ሄድኩ። ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። ብናገር እማዬ ትሰማለች፤ ቃሌን ከሰጠኋት ሁለት ቀን አልሞላውም። ዝም ብል ጋሽ ታደሰ ኮቱን እያነሳ ነው፤ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም፣ ወሬው ደግሞ ሴቻ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ዓሣው እየከሰለ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም።

መጋረጃውን ገፍቼ ገባሁ።

"ጋሼ፣ የእኔ ጣት ነው። ጠዋት ዳጣ ስፈጭ ነው የነካሁት። ሰውየው ሲስቅ ልየው ብዬ ነው።"

"የቱ ሰውዬ?" አለ ጋሽ ታደሰ።

"ቃጭል ያለው።"

ጋሽ ሻንካ ካርታውን ተቀብሎ ምልክቱን በምላሱ ጫፍ ላስ አደረገው።

"የገረሴ ቃሪያ!" ብሎ ጮኸ። "እናቴ ትሙት የገረሴ ቃሪያ ነው! እንካ ቅመስ!"

ጋሽ ታደሰ የምር ላሰው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሳል ያዘው። ያ ዝምተኛ መምህር ሳቁን መያዝ አቅቶት ሙዙን ጣለ። አባዬ ብቻ መሬት መሬት ያያል።

ጋሽ ታደሰ ኮቱን መልሶ ሰቀለ። "ይቅር በለኝ ወንድሜ" አለ ቀስ ብሎ። "ሚስቴ ከወለደች ገና አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ቤቴ ሰው ልጠራ አልችልም። አልችልም ማለት ደግሞ አፈርኩ። ቢምታታብኝ ነው።"

ያኔ አባዬ ቀና አለ። "አራስ ቤት ካርታ ይገባል እንዴ? የሚቀጥለውም ቅዳሜ እዚሁ ነው። አይደል ምህረት?"

"አዎ አባዬ!" አልኩ። ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ዓሣው በአንድ ጎኑ ከስሏል፤ ምንም አልተረፈም። ዳጣውንማ ሣህኑን በእንጀራ ጠረጉት። ሲወጡ ጋሽ ታደሰ ጆከሩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "እኛ በሌላው ጆከር እንጫወታለን፤ ይኼ ያንቺ ነው" አለኝ።

ሰኞ እማዬ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሰው ከምትሰማው ብዬ። ቦርሳዋን አስቀመጠችና ነጠላዋን አጠፈች።

"ዓሣውስ በቃቸው?" አለች።

ጆከሩ አሁንም አማርኛ ደብተሬ ውስጥ አለ። ይህን ስጽፍም አጠገቤ ሆኖ ይስቃል፤ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ያን ቀን መጋረጃው ጋ ስመላለስ የነበረውን ጭንቀት ሳስታውስ ዛሬም መቀመጥ ያቅተኛል፤ ግን ደስ ይለኛል። እማዬ ጠረጴዛዬን ስትጠርግ የቀሩትን ደብተሮች አንድ ላይ ታነሳለች። የአማርኛውን ግን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ፣ ቀስ ብላ ወደ ጎን ታደርገዋለች። ጆከሩን እስካሁን አልጣለችውም።