ደወሉ ላይ የነበረው ስም

ሮም ውስጥ የማስታምማቸው እንግሊዛዊት አሮጊት ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ያስጠኑኝ መድኃኒታቸውን አይደለም፤ የቤተሰባቸውን ስም ነው። «ጣሊያኖቹ ያበላሹታል፤ አንቺ እንኳ በትክክል ጥሪው» እያሉ ምላሴ እስኪለምደው አስደጋገሙኝ።

ስሙ ድሮ የመንደር ስም ነበር አሉ። በእንግሊዝ ምሥራቅ፣ ባሕር ዳር የነበረች ትንሽ መንደር። ከዚያ የወጣ ሰው በሄደበት ሁሉ በመንደሩ ይጠራ ነበርና ስሙ ለልጅ ልጅ ተረፈ። ኋላ ባሕሩ ገደሉን እየናደ ቤቱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ መቃብሩንም በላው። ስሙን የያዙት ድሮም ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ ከዚያው አካባቢም ብዙ አልራቁ። ወንዶቹን ጦርነት ጨረሳቸው፤ ሴቶቹ ሲያገቡ የባላቸውን ስም ያዙ። እሳቸው አላገቡም። ወንድማቸው ልጅ ሳይወልድ ሲሞት፣ ስሙን የያዘ እሳቸው ብቻ ቀሩ።

ታዲያ አንድ ቀን በሳፋ እግራቸውን እያጠብኳቸው ሳለ «ልጄ ሁኚ» አሉኝ። የምራቸውን ነው። በዚህ አገር ሕግ ትልቅ ሰውም በጉዲፈቻ ልጅ ይሆናል፤ የአሳዳጊው የቤተሰብ ስም ከራሱ የአባት ስም ፊት ይገባለታል። ጠበቃ ጠይቀው ጨርሰዋል።

ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነውና ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«አሎራ» አለች እንደ ጣሊያኖቹ፤ «እንግሊዝ ልትሆኚልን ነዋ! አንቺ ሞኝ፣ ምን ታስቢያለሽ? ፈርሚ እንጂ! ስም ይበላል?»

እኔን ግን የያዘኝ የአባቴ ስም ነው። አንድ ልጁን እኔን ትቶ ሰሜን ዘምቶ ቀረ። መርዶው መጣ እንጂ ሬሳው አልመጣም፤ የት እንደወደቀም የሚያውቅ የለም። እዚህ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ ላይ እንደ ቤተሰብ ስም የተጻፈው የእሱ ስም ነው። ሐኪም ቤት በሉት፣ ወረፋ ላይ በሉት፣ የሚጠራው እሱ ነው፤ «አቤት» የምለው እኔ። መቃብር የሌለው ሰው በእኔ በኩል እየተጠራ ይኖራል፤ ከፊቱ ሌላ ሰው ላስገባበት?

«ሲኞራ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አልችልም» አልኳቸው።

«አዲስ አበባ ያለችው ልጅሽስ የአባትሽን ስም ትይዛለች?» አሉ።

«የለም፤ እኛ ጋ ልጅ የራሷን አባት ስም ነው የምትይዘው።»

«እንግዲያማ አንቺም የመጨረሻዋ ነሽ።»

ክፋት አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱትም። ብርዱ ሲገባ አረፉ። ቀብሩ ላይ ከቄሱና ከቆፋሪዎቹ ሌላ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቄሱ ስማቸውን አበላሹት። አላስችል ብሎኝ ጮክ ብዬ እንዳስጠኑኝ ጠራሁት። ቄሱ ቀና ብለው አዩኝና ንባባቸውን ቀጠሉ።

ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ የሕንፃው ዘበኛ የበሩ ደወል ላይ ያለውን ስማቸውን በቢላ እየፋቀ ነበር።

ትንሽ ቆይቼ ፔርሜሶዬን ላሳድስ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ የአባቴን ስም እንደልማዱ አጣሞ ጠራው። ለማረም አቅም አልነበረኝም። ወረፋው እንዳያልፈኝ «አቤት» አልኩ።